ሹሩባው በሁለቱም ጫፍ ተበይዷል

ውድ ጋሼ፣

ሳጥኑን አልልክም። ክፍሉንም ለልብስ ሰፊው አልለቅም። ዋናውን ነገር ከላይ ያስቀደምኩት፣ ደብዳቤ መሃል ላይ ሳትደርስ መነጽርህን አውልቀህ «ታዲያ ምን ልትል ነው?» እንደምትል ስለማውቅ ነው። ልል የፈለግኩት ይኸው ነው። የቀረው እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ነው፤ ካሻህ አንብበው።

በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። ግን እትዬ ቤት ከሄድክ ወዲህ የስልካችን ነገር አንድ ዓይነት ሆኗል። እኔ አወራለሁ፤ አንተ «እሺ፣ እሺ» ትላለህ፤ ከዚያ እትዬ «ምን አለችህ?» ስትልህ ከኋላ ይሰማኛል። «ደህና ነኝ አለች» ትላታለህ። እኔ ደህና ነኝ አላልኩም ጋሼ። ባለፈው ያልኩህ የጓዳው ጣሪያ እንደሚያፈስ ነበር።

ስለዚህ ጻፍኩ። ወረቀት አይቆራረጥም።

የተቀመጥኩት አንተ ወንበር ላይ ነው። የግራ እግሩ አሁንም ያነክሳል። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ የደረቁትን የብየዳ እርሳስ ጠብታዎች ታበራለች። ሳጥኑ ከፊቴ ነው፤ ክዳኑ ተነስቶ ሆዱ ይታያል። ትራንስፎርመሩ አንተ ያሰርክበት ቦታ ነው፤ የኃይል ሰሌዳው አንተ የበየድክበት ቦታ ነው። ከአንድ ሽቦ በስተቀር ሁሉም እንደተውከው አለ። መዳፍ ስለማትሞላ ሽቦ ይህን ያህል ወረቀት የሚጨርስ ሰው ምን ይባላል? አላውቅም። አንተ ግን በዚህች ሽቦ የተነሳ ሻንጣህን ይዘህ ወጥተሃል፤ ስለዚህ ከሁለታችን እኔ እሻላለሁ።

ያን ቀን አንተ እንዴት እንደምታስታውሰው አላውቅም። እኔ የማስታውሰውን ልጻፍ።

ሹፌሩ ማጫወቻውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ እንደ አራስ አቅፎ መጣ። ዕድሜውን ሙሉ ከአውቶቡስ ሞተር ጋር ሲጯጯህ ስለኖረ፣ በጡረታው ንጹህ ድምፅ መስማት መብቱ እንደሆነ ለሰፈሩ ሁሉ ያወጀ ሰው ነው። ማጫወቻው ሙዚቃውን በቁጥር ነው የሚያወጣው፤ እኛ የሠራንለት ሳጥን ቁጥሩን ተቀብሎ ወደ ድምፅ ይመልሰዋል። ዳክ ይባላል ስንለው «ዳክዬ?» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ስም ጠርቶላት አያውቅም።

«ዳክዬዬ ደረሰች?» እያለ ገባ።

«ደርሳለች። ዛሬ አፏን ትፈታለች» አልከው። ደስ ብሎህ ነበር። አዲሱን ሸሚዝህን ለብሰህ ነበር።

ገመዱን ሰካን፤ ዘፈኑ ጀመረ። መጀመሪያ ጥሩ ነበር። ከዚያ ጠቅ አለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጠቅ፣ ጠቅ። ዘፋኟ ቃል በጀመረች ቁጥር አንድ ሰው አፏን በእጁ ከድኖ መልሶ የሚለቃት ይመስል ነበር። ሹፌሩ ግንባሩን ቋጠረ። እኔ አንተን አየሁ። አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ራስህን ትነቀንቃለህ።

«እንዴት ነው?» አልከው፤ «ወተት አይደል?»

ሹፌሩ መጀመሪያ እኔን አየኝ። «ትቆራርጣለች እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «መኪና ብትሆን የነዳጅ ማጣሪያዋ ተደፍኗል እል ነበር።»

«የቱ ጋ?»

«ሁሉም ጋ።»

ጎንበስ ብዬ ሳጥኑ ውስጥ አየሁ። ከኋላው ሶኬት ተነስታ ወደ መቀበያው ሰሌዳ የምትሄደውን ሽቦ የበየድካት አንተ ነህ። የመሃሉ ቀጭን ሽቦ በሁለቱም በኩል ተይዟል። በዙሪያው የተጎነጎነው መዳብ፣ እኛ ቤት ሹሩባ የምንለው፣ በሶኬቱ በኩል ብቻ ተበይዶ በሰሌዳው በኩል በቴፕ ተሸፍኗል። እንዳስተማርከኝ። ሁልጊዜ እንደምናደርገው።

ቴፑን ገፋ አድርጌ፣ ለምን እንደሆነ ሳላስብ፣ ሹሩባውን በፒንሳ ይዤ ከሰሌዳው የመሬት መስመር፣ ከግራውንዱ፣ ጋር አስነካሁት። ጠቅታው ቆመ። ዘፋኟ ቃሏን ጨረሰች።

«ይኸው!» ብሎ ሹፌሩ ከመቀመጫው ተነሳ። «አሁን ተስተካከለች!»

አንተ ዓይንህን ገለጥክ። «ምኑ ነው የተስተካከለው?» አልክ። «ምን ሆኖ ነበር?»

ፒንሳውን ሳነሳ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ሳስነካ ይቆማል። አነሳሁ፤ አስነካሁ። አንተ የምታየው እጄን ነበር። ዘፈኑ ለአንተ አልተለወጠም። ያኔ ገባኝ። እንደገባኝ ደግሞ ከፊቴ አነበብከው።

መቁረጫውን አነሳህ። ሹሩባውን ከፒንሳዬ ላይ ወስደህ፣ ዳግመኛ ምንም ነገር እንዳይነካ አድርገህ ከሥሩ ከረከምከው።

«በእኔ ጠረጴዛ ላይ ሹሩባ የሚታሰረው በአንድ ጫፍ ነው» አልክ። «በሁለት ጫፍ ከታሰረ ይጮኻል። አንቺ ጭስ፣ ይህን ሳታውቂ ነው ያደግሽው?» ከብየዳ ጭስ ስለማልለይ ባወጣህልኝ ስም ነበር የጠራኸኝ።

ቁራጩ መሬት ላይ ወደቀ። ሹፌሩ ማጫወቻውን መልሶ ጠቀለለ። «ዳክዬዬን ትንሽ አሟታል፤ ሲሻላት ብቅ እላለሁ» ብሎ ወጣ። በማግስቱ አንተም ወጣህ። «ጤናዬን ልታይ ነው» አልከኝ። ምንህን እንደምትታይ አልጠየቅኩህም፤ አንተም አልነገርከኝም።

ከዚያ በእትዬ አፍ ትእዛዙ መጣ። ሳጥኑ ተጠቅልሎ ይላክ። መሣሪያው ሁሉ በካርቶን ይታሸግ። የፊቱ ክፍል ለልብስ ሰፊው ይከራይ።

«ጋሼሽ ደክሞታል» አለችኝ እትዬ። «አንቺስ ብትሆኚ፣ ቀን ከቀን ያንን ጭስ ስትምጊ ደረትሽ ምን ሊሆን ነው? ልብስ ሰፊው ጨዋ ሰው ነው፤ ድምፁ እንኳ አይሰማም።»

«የስፌት መኪናው በሹክሹክታ ነው እንዴ የሚሠራው?»

«አንቺ ደግሞ! ነገር መመለስ ብቻ ነው የምታውቂው። ቅዳሜ ክፍሉን ሊለካ ይመጣል፤ በሩን ክፈቺለት።»

ጋሼ፣ ሕግህ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ሕጉ የገባኝ ያ የስብሰባ አዳራሽ ነው፣ ትዝ ይልህ እንደሆነ። ተናጋሪው አፉን ሳይከፍት ድምፅ ማጉያው እምምም ይል ነበር፤ ሰዉ ይስቃል፤ አዳራሹን የያዘው ሰውዬ ላብ በላብ ሆኗል። አንተ ከመድረኩ ሥር ገብተህ አንድ ገመድ ፈታህ፤ የሹሩባውን አንድ ጫፍ ቆረጥክ፤ አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ እጄን ወስደህ ድምፅ ማጉያው ላይ አስቀመጥክና «ጆሮሽን አትመኚው፤ በመዳፍሽ ስሚ» አልከኝ። መዳፌ ላይ ምንም አልነበረም። እንደዚያ ያለ «ምንም» ነክቼ አላውቅም።

በዚያ ገመድ ውስጥ የሚሄደው ግን ድምፅ ነበር። በዚህች ሽቦ የሚሄደው ቁጥር ነው፤ በጣም የሚፈጥን ቁጥር። በመሃሉ ሽቦ ይመጣል፤ በሹሩባው ይመለሳል። ሹሩባው እዚህ ሽቦውን ከውጭ ጫጫታ የሚከልል ጥላ ብቻ አይደለም፤ መመለሻ መንገዱ ነው። መንገዱን ስትቆርጥበት በአምፕሊፋየሩ ዞሮ፣ በመብራቱ መስመር ተሽሎክልኮ ለመመለስ ይሞክራል፤ አንዳንዴ ይደርሳል፣ አንዳንዴ አይደርስም። የማይደርስበት ጊዜ ነው ጠቅ የሚለው።

ይህን ሁሉ አውቄም ሳጥኑን ቶሎ አልከፈትኩትም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ጠዋት ጠዋት ስነሳ የግድግዳውን ሰዓት አዳምጣለሁ። መጀመሪያ በአንዱ ጆሮ፣ ከዚያ በሌላው። ከአልጋዬ ይሰማኛል ወይ? ከበሩስ? አንድ ቀን አልሰማ ብሎኝ ሄጄ ጆሮዬን ለጠፍኩበት፤ ለካ ባትሪው አልቆ ሰዓቱ ቆሞ ኖሯል። ሳቅኩ። ግን ደንግጬ ነበር። አንድ እናት ነው የወለደችን። አንተ ያጣኸው ነገር ወደ እኔ እየመጣ እንደሆነ ማን ያውቃል? መቼ እንደጀመረህም አላውቅም። አንተም አታውቅ ይሆናል። ሰው የማይሰማውን ነገር አለመስማቱን በምን ያውቃል?

ይህን እያሰብኩ ተቀምጬ ሳለ ነው እትዬ «ቅዳሜ» ያለችኝ። ደግ አደረገች። ፍርሃቴ ወደ ንዴት ተለወጠ፤ በንዴት ደግሞ ሥራ እችላለሁ።

ያንተን ሽቦ ሙሉ በሙሉ አወጣሁት። ከመሳቢያው ያንን የድሮ የአንቴና ገመድ፣ ጥሩ መዳብ ስላለው «አይነካ» ያልከውን፣ ነካሁት። ከሶኬቱ እስከ ሰሌዳው የሚደርሰውን ያህል ብቻ አጭር አድርጌ ቆረጥኩ። ላዩን በምላጭ ላጥኩት፤ ሹሩባውን በመርፌ እየፈታሁ ወደ አንድ ጎን ሰብስቤ ገመድኩት። የመጀመሪያውን አበላሸሁ። መበየጃውን አቆየሁበትና በውስጡ ያለው ነጭ ፕላስቲክ ቀለጠ፤ ሹሩባው ከመሃሉ ሽቦ ጋር ተጣበቀ። ቴስተሩን ሳስነካው ጢጥ አለ፤ ተነካክተዋል። ቆርጬ ጣልኩት። አንተ ብትኖር «ችኮላሽ!» ትል ነበር። እኔው ለራሴ አልኩት፤ በአንተ ድምፅ።

ሁለተኛው እሺ አለኝ። ሹሩባው በሶኬቱ በኩል ተበየደ። ከዚያ ሌላውን ጫፍ ይዤ ሰሌዳው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። አትስቅብኝ። ቤቱ ውስጥ ማንም የለም፤ በሩ ተቀርቅሯል፤ አንተ አውቶቡስ ተሳፍረው በሚደርሱበት ከተማ ነህ። ግን ከኋላዬ የቆምክ መሰለኝ፤ ትንፋሽህ ማጅራቴ ላይ መጣ። ዞሬ አየሁ። ከዚያ «በእኔ ጠረጴዛ ላይ» ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ባዶ ቤት ውስጥ። «በእኔ ጠረጴዛ ላይ በሁለቱም ጫፍ ነው።» በየድኩት። ጭሱ ተነሳ፤ ሳብኩት። እርሳሱ ሲያበራ ቆይቶ ረጋ።

መብራት ሰጠሁት። ጠቅታ የለም። ዘፈኑ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። አንተን የሰደብኩህን አልጽፍም፤ እትዬ ታነበዋለች።

ግን ዘፈኑ ሲያበቃ በጸጥታው ውስጥ አንድ ነገር ቀረ። መዳፌን ስፒከሩ ላይ አሳረፍኩ።

እምምም።

በጣም ትንሽ ነበር፤ ግን ነበር። «አልነገርኩሽም?» አልከኝ ከማጅራቴ። እውነትህን ነው፣ ነግረኸኛል።

ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ቆርጬ ብመልሰው እምምታው ይጠፋል፤ ጠቅታው ይመለሳል። አንተ በመዳፍህ የምትይዘው ሄዶ አንተ የማትሰማው ይመጣል፣ ወይም በተቃራኒው። ያኔ ነው ሶኬቱን ያየሁት። ብረቱ የሳጥኑን ቆርቆሮ ነክቷል። ቆርቆሮው ደግሞ በሌላ በኩል፣ መብራቱ በሚገባበት፣ ከግራውንዱ ጋር ታስሯል። ሁለት መንገድ አለ ማለት ነው፤ እምምታው በመሃላቸው ይዞራል። አንተ አዳራሹ ውስጥ የቆረጥከው ያንን ዙሪያ ነበር። እዚህም መቆረጥ አለበት፤ ግን ሹሩባው ላይ አይደለም።

ሶኬቱን ፈታሁት። ቀዳዳውን በሞረድ አሰፋሁ። አንተ እንደምታደርገው ከጀሪካን ክዳን ሁለት ሮንዴላ፣ መሃላቸው የተበሳ የፕላስቲክ ቀለበት፣ ቆረጥኩ፤ አንዱን ከውስጥ፣ አንዱን ከውጭ አድርጌ ዳዶውን አጠበቅኩ። ሶኬቱ ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል፤ ሳጥኑን ግን አይነካም። ቴስተሩ ዝም አለ። መዳፌን ስፒከሩ ላይ አደረግኩ።

ያው የአዳራሹ «ምንም» ነበር፤ እምምታው የለም።

ቅዳሜ ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ መጣ። ሳልናገረው መለካት ጀመረ። «እዚህ ጋ የመቁረጫ ጠረጴዛዬ፤ እዚያ ጋ መስታወቱ» ይላል ለራሱ። ከዚያ ወደ መደርደሪያው እያየ «ይሄ ኮተት መቼ ነው የሚነሳልኝ እህቴ?» አለኝ። ልመልስለት አፌን ስከፍት ሹፌሩ በብርድ ልብሱ የታቀፈውን ይዞ ገባ። የላክሁበት እኔ ነኝ። ሰው ፊት እንዲሆን ፈልጌ ነበር።

«ዳክዬዬ ተነሳች?»

«ተነስታለች» አልኩት።

ገመዱን ሰካሁ። ያችው ዘፋኝ፣ ያው ዘፈን ነው። ሹፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ዘፈኑ አለቀ፤ ሌላ ጀመረ። አልተነቃነቀም። ልብስ ሰፊው ሜትሩን እንደዘረጋ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሎ ቀረ።

«እዚህ ጋ ትንፋሽ ትወስድ ነበር እንዴ?» አለ ድንገት። «ይህን ዘፈን እኮ ከልጅነቴ ነው የማውቀው።»

«ትወስድ ነበር» አለው ሹፌሩ። «አንተ ነህ ያላደመጥካት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ጠቅ አላለችም። ጨርሶ። ማን አዳናት?»

«እኔ» አልኩ። ድምፄ ሲወጣ ለእኔም እንግዳ ሆነብኝ። ከዚያ ልብስ ሰፊውን «ክፍሉ አይከራይም» አልኩት።

«ወንድምሽ ቃል ሰጥቶኛል።»

«ቤቱ የሦስታችን የወንድምና እህቶቹ ነው። እኔ ቃል አልሰጠሁም።»

«እንዴ! ታላቅሽ አይደለም እንዴ?»

«ታላቄ ነው። አከብረዋለሁ። ክፍሉ አይከራይም።»

«እኔ ለክቼ ጨርሻለሁ እኮ!» ብሎ ሜትሩን አሳየኝ።

«በዚያ ሜትር?» አለው ሹፌሩ። «አንዱን እግር አስረዝመህ አንዱን አሳጥረህ ሱሪ የሰጠኸኝ በዚያ አይደል? ሂድ ወንድሜ፤ እሱ ሜትር ቤት ከለካ ግድግዳው ይጣመማል።»

ልብስ ሰፊው መሳቅ አልፈለገም ነበር፤ ሳቀ። ሜትሩን እየጠቀለለ «ለጋሼሽ እነግረዋለሁ» አለ። «አትድከም፤ እኔው እጽፍለታለሁ» አልኩት። ይኸው ጻፍኩ።

አሁን ማንም በመካከላችን ያልተናገረውን ልናገር። ጆሮህ ደክሟል ጋሼ። እኔ አውቃለሁ፤ ሹፌሩ ያውቃል፤ ጠረጴዛው ሳያውቅ አልቀረም። ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ አንተ ስለማትሰማው ማንም እንዳይሰማ መፈለግህ ነው። ክፍሉን በልብስ ሰፊ ብትሞላው ጠቅታው የለም ማለት አይደለም። ጤናዬን ልታይ ሄድኩ ካልክ ታያ! እትዬን ይዘህ ጆሮ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ «እሺ፣ እሺ» አትበላቸው፤ ያልሰማኸውን አልሰማሁም በል።

እኔ ከዚህ ወንበር አልነሳም። እንዲያነክስም ተውኩት፤ ለምጄዋለሁ። ካርቶኖቹን ጣራው የሚያፈስበት ሥር ደርድሬያቸዋለሁ፤ መሣሪያ አልገባባቸውም። የሹፌሩ ወሬ ሰፈሩን ስላዳረሰው ሰው አምፕሊፋየሩን እየተሸከመ ይመጣል። የአንደኛው ትራንስፎርመር ተቃጥሏል፤ እንደገና መጠምጠም አለበት። እኔ ስጠመጥም ይላላል። አንተ ስትጠመጥም ሽቦው ጎን ለጎን ይተኛል፤ ለዚያ ደግሞ ጆሮ አያስፈልግም። ይህን ልለምንህ አይደለም የጻፍኩት። ካልመጣህ እየላላም ቢሆን እማራለሁ።

ከመጣህ ግን እወቀው። ከመስኮቱ ወዲህ ሌላ ወንበር አስገብቻለሁ፤ እግሩ ደህና ነው። ድምፁ ንጹህ ነው ወይም አይደለም የምለው እኔ ነኝ። አንተ የመሰለህን ትላለህ፤ እንጨቃጨቃለን፤ ከዚያ እኔ ያልኩት ይሆናል።

ያን ቀን የቆረጥከውን የሹሩባ ቁራጭ መሬት ላይ አግኝቼ አስቀምጬው ነበር። ከዚህ ወረቀት ጋር አጥፌ ልኬልሃለሁ፤ ያንተ ነው። አዲሱ ሹሩባ ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ ተበይዷል። ልትቆርጠው ከፈለግክ በእትዬ ስልክ አይቆረጥም። ራስህ መምጣት አለብህ።

መቁረጫው ቦታው ላይ ነው።

እህትህ፣
ጭስ